የፍሬውን ሆድ ሳይከፍቱ ማየት፦ ኤክስሬይ ለፍራፍሬ ጥራት ምርመራ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከሃይሌ ጋርመንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ለአምራቾች፣ ለጅምላ ነጋዴዎችና ለግብርና ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ።

የተከበራችሁ አምራቾችና ነጋዴዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ከዚህ አዳራሽ በእግር በሚደረስበት ገበያ ውስጥ በየሌሊቱ የሚካሄድ አንድ የጥራት ምርመራ አለ። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በቡታጅራና በዓለም ገና በኩል የገባ የማንጎ አይሱዙ ሸራው ሲገለጥ፣ ገዢው ከላይ አንድ፣ ከጎን አንድ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ሰዶ ከሥር አንድ ፍሬ ያወጣል። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርገዋል፣ በግንዱ በኩል ያሸተዋል፣ ከዚያም በቢላዋ እስከ ዘሩ ድረስ ይሰነጥቀዋል። ሥጋው ንጹሕ ከሆነ ዋጋው ይጸናል፤ በዘሩ ዙሪያ ጠቁሮ ወይም ትል ገብቶበት ከተገኘ ግን መኪና ሙሉው ጭነት በዚያች አንዲት ፍሬ ይፈረድበታል። ይህ ምርመራ የብዙ ዓመት ልምድ ያለበት ስለሆነ በፍጹም የምንቀው አይደለም፤ ጣቱ የለመደ ነጋዴ ብዙ መሣሪያ የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያጥሩታል። አንደኛ፣ የተሰነጠቀ ፍሬ አይሸጥም፤ ስለዚህ የሚሰነጠቀው ጥቂት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀው ፍሬ ከሦስት ቀን በኋላ ምን ይሆን እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምርመራው ራሱ ፍሬውን አጥፍቶታልና።

የጥቂት ናሙና ችግር ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ላሳይ። ከአንድ ጭነት ውስጥ ከመቶው ፍሬ አምስቱ ውስጡ የተበላሸ ነው እንበል። ገዢው አሥር ፍሬ ቢሰነጥቅና ብልሹዎቹ በጭነቱ ውስጥ እኩል የተበተኑ ቢሆኑ፣ አሥሩም ደኅና ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከመቶ 60 ያህል ነው። ይህም ማለት ከአምስት ጊዜ ሦስቱን ብልሽቱን ሳያየው ያልፋል። ብልሽቱ ቢያንስ በአንድ ፍሬ ላይ መታየቱን ከመቶ 95 ጊዜ እርግጠኛ ለመሆን ወደ 60 ፍሬ መሰንጠቅ ይኖርበታል፤ ይህን የሚፈቅድ ባለንብረት የለም፣ መፍቀድም የለበትም። ስድሳ ፍሬ ሳይቆረጥ ውስጡ የሚታይበት መንገድ ቢኖር ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ዛሬ ስለ ኤክስሬይ ልናገር የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በሐኪም ቤት ራጅ እያልን የምንጠራውን ማለቴ ነው።

የምከራከርበትን ነጥብ አስቀድሜ ላስቀምጥ። በሌሎች አገሮች ኤክስሬይ ለፍራፍሬ ሲታሰብ በቅድሚያ በአእምሮ የሚመጣው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ እያንዳንዱን ፍሬ እየፈተሸ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ትልቅ መሣሪያ ነው። ለእኛ ገበያ የመጀመሪያው ጥቅም እሱ ነው ብዬ አላምንም። የመጀመሪያው ጥቅም በናሙና ላይ ነው፦ ፍሬውን ሳያጠፋ ስለ ጭነቱ፣ ስለ እርሻውና ስለ መንገዱ የሚመሰክር ምስል ማግኘት። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ጨረሩ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ መናገር ያስፈልገኛል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ይህን ጨረር በቩርዝቡርግ ከተማ ያገኘው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነው፤ በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትም አግኝቶበታል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ታሪክ አለው። ጨረሩ በተገኘ በአራተኛው ወር የአድዋ ጦርነት ሆነ። በሜይ 1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው ወደ ኔፕልስ የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በዚህ ጨረር አንስቶ የተቀበሩትን ጥይቶች ሥፍራ ለየ። በጦር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ኤክስሬይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ የዋለው በዚህ አጋጣሚ እንደሆነ ይነገራል። የዚያን ቀን ሐኪሙ የጠየቀውና እኛ ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ነው፦ ሳልቆርጥ ውስጡ ምን እንዳለ አሳየኝ።

ጥይት በክንድ ውስጥ በቀላሉ የሚታየው ብረት ጨረሩን በኃይል ስለሚያስቀር ነው። ፍራፍሬ ግን ከመቶ 80 እስከ 90 እጁ ውሃ ነው፤ ብልሹውም ደኅናውም፣ ትሉም ሥጋውም በአብዛኛው ውሃ ናቸው። ጨረሩ በአንድ ነገር ውስጥ ሲያልፍ የሚቀነሰው በሦስት ነገሮች ምክንያት ነው፦ በውፍረቱ፣ በእፍግታው ማለትም በአንድ ይዘት ውስጥ በታጨቀው ቁስ ብዛት፣ እንዲሁም በተሠራበት ንጥረ ነገር ዓይነት። በፍራፍሬ ውስጥ የንጥረ ነገሩ ዓይነት ብዙም ስለማይለያይ የሚቀሩን ውፍረትና እፍግታ ናቸው። ስለዚህ ኤክስሬይ በፍሬ ላይ የሚያነበው በመሠረቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አየር የት እንዳለና የት እንደሌለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎች እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከእሱ የሚወጣ ነው።

በቁጥር እንየው። 8 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለውን ውሃ፣ ይህም የአንድ መካከለኛ ማንጎ ወይም ብርቱካን ውፍረት ማለት ነው፣ 30 ኪሎኤሌክትሮንቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት ያለው ጨረር ሲያቋርጠው ወደ ማዶ የሚወጣው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነው። ጉልበቱ ወደ 60 ከፍ ቢል ከመቶ 19 ያህል ይወጣል። በፍሬው መካከል 1 ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ቢኖር፣ ደካማው ጨረር በዚያ በኩል ከመቶ 5 ወደ 7 ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ከደኅናው ጎን ሲተያይ በግማሽ የሚጠጋ ብልጫ ስለሆነ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ባዶ ቦታው 1 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ግን ልዩነቱ በደካማው ጨረር 4 በመቶ፣ በጠንካራው 2 በመቶ ገደማ ይሆንና ጥሩ ዲቴክተር፣ ማለትም ያለፈውን ጨረር የሚቀበል መሣሪያ፣ እና ንጹሕ ምስል ይጠይቃል። ለፍራፍሬ ለስላሳ የሚባለው ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ኤክስሬይ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። የሰው ደረት በ100 ኪሎቮልትና ከዚያ በላይ ሲነሳ፣ የጡት ምርመራ የሚነሳው በ30 ኪሎቮልት አካባቢ ነው፤ ፍሬ ከሁለተኛው ይቀርባል፣ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ከፍ ይደረግለታል።

አሁን ወደ ፍሬዎቹ ልምጣ፤ ረዘም አድርጌ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በብርቱካን ልጀምር። ከላይ ሲታይ የሚያምር፣ ልጣጩ የተወጠረ ብርቱካን ተቆርጦ ውስጡ እንደ ገለባ የደረቀ ሆኖ መገኘቱን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ብርቱካኑ በዛፍ ላይ ሲቆይ፣ ውሃ ሲያጣ ወይም ብርድ ሲመታው በክፋዮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የጭማቂ ከረጢቶች ይደርቃሉ፤ በመካከላቸውም አየር ይገባል። ደኅና ብርቱካን በራጅ ሲነሳ ክፋዮቹ አንድ ወጥ ጥላ አላቸው፤ በመካከላቸው ያሉት ግድግዳዎች እንደ ቀጭን መስመር ይታያሉ። የደረቀው ሲነሳ ግን ብዙውን ጊዜ ከግንዱ በኩል ጀምሮ ጥላው እየሳሳ ይሄዳል፣ በየክፋዩ ውስጥ የተሰባበሩ ፈዛዛ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ልጣጩና ክፋዩ በተለያዩበት ቦታም ጨረቃ መሰል ክፍተት ይታያል። ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት ከኤክስሬይ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ጥያቄው በቀጥታ የአየር ጥያቄ ስለሆነ። በላይኛው አዋሽ፣ በመርቲና በኑራ ኤራ የብርቱካን እርሻ የሠሩ ሰዎች አንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ምስሉ ይህን እውቀታቸውን ቦታ ለይቶ ሊያሳያቸው ይችላል።

ፖም ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። የጨንቻ ፖም ውሃ ላይ ሲጣል የሚንሳፈፈው በሥጋው ውስጥ፣ በሴሎቹ መካከል፣ ከይዘቱ አንድ አምስተኛ ያህል አየር ስላለበት ነው። በአንዳንድ ፖሞች ውስጥ ግን ይህ የአየር ቦታ በፈሳሽ ይሞላና ሥጋው ብርሃን እንደሚያሳልፍ መስታወት ይሆናል። በጃፓን እንዲህ ያለው ፖም ጣፋጭ ነው ተብሎ በጥሩ ዋጋ ይሸጣል፤ ለረጅም ጊዜ የሚከማች ከሆነ ግን በኋላ ውስጡ ቡናማ እየሆነ ይበላሻል። ስለዚህ ባለመጋዘኑ የትኛው ቶሎ ይሸጥ፣ የትኛው ይቀመጥ ብሎ የሚወስንበት ምልክት ነው። በኤክስሬይ እነዚህ ቦታዎች ከአካባቢያቸው ይልቅ ጨረሩን አብዝተው ያስቀራሉ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በሠራውና በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ ታካሚ በተነሳበት የሲቲ ስካን መለኪያ ውሃ ዜሮ፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ ደኅና የፖም ሥጋ በዚህ መለኪያ ከዜሮ በታች 200 አካባቢ ሲሆን ፈሳሽ የገባበት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ፖሙ ከተበሰበሰና ሥጋው ተሰንጥቆ ባዶ ቦታ ከፈጠረ በተቃራኒው ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በሁለት አቅጣጫ ሲያሳይ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ማንጎ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል፣ ለእኛ የሚጠቅመውም እዚያ ነው። በህንድ የታወቀው አልፎንሶ ማንጎ ከውጭ ምንም ሳይታይበት በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ እንደ ስፖንጅ የሚሆንበት ችግር አለው። ሙምባይ የሚገኘው የብሃብሃ የአቶሚክ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህ ስፖንጅ መሰል ሥጋ የአየር ኪስ ስላለው በኤክስሬይ ምስል ላይ ተለይቶ እንደሚታይ አሳይተዋል። በማንጎ ዘር ነቀዝ ላይም እንዲሁ። የዚህ ነቀዝ እናት እንቁላሏን በለጋ ፍሬ ቆዳ ላይ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለትም ትሉ፣ ሥጋውን ሰንጥቆ ወደ ዘሩ ይገባል፤ የገባበት መንገድ ፍሬው ሲያድግ ይድናል። ገበሬው ለቅሞ፣ ነጋዴው ሸጦ፣ ሸማቹ ሥጋውን በልቶ ዘሩን እስኪጥል ድረስ ማንም አያውቅም። በምስሉ ላይ ግን የተበላው ዘር ከደኅናው ይለያል፤ ደኅናው ዘር ቅርፊቱን ሞልቶት ሲታይ፣ የተበላው በቅርፊቱ ውስጥ ተሸብሽቦ ዳርና ዳሩ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

የፍራፍሬ ዝንብ ግን በዚህ መንገድ በቀላሉ አይያዝም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ከእስያ መጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. በኬንያ የታየውና በፍጥነት ወደ ቀሪው አፍሪካ የተሠራጨው የምሥራቃውያን የፍራፍሬ ዝንብ ዛሬ የማንጎ ላኪዎች ትልቁ ራስ ምታት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ወደ ገበያው የሚገባ ማንጎ ከዚህ ዓይነቱ ዝንብ ነጻ መሆኑ በልዩ ሁኔታ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የዝንቡ እንቁላል ርዝመቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ እፍግታውም ከማንጎው ሥጋ አይለይም። እጩም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፈሳሽ ውስጥ የሚዋኝ ሌላ ፈሳሽ ማለት ነው። ኤክስሬይ የሚያየው እጩን ሳይሆን እጩ የተወውን ዋሻ ነው፤ ዋሻው አየር እስኪይዝ ድረስ ደግሞ ቀናት ያልፋሉ። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ ይህ መሣሪያ ማንጎህን ከዝንብ ነጻ ያደርግልሃል ቢላችሁ አትመኑት። በእርሻው ላይ የዝንብ ወጥመድ መስቀል፣ የወደቀውን ፍሬ መቅበር፣ ለውጭ ገበያ ከሆነም የሙቅ ውሃ ሕክምና፣ እነዚህ ቦታቸውን አይለቁም።

ከአቮካዶ ጋር የተያያዘውን ችግር ከጁስ ቤቶች በኩል ሰምቼዋለሁ፤ ለስላሳና ደኅና የመሰለ አቮካዶ ሲከፈት ሥጋው ውስጥ ከግንዱ ጀምሮ ጥቁር ክሮች ተዘርግተውበት ይገኛሉ። ክሮቹ ቀለማቸው እንጂ እፍግታቸው ብዙ ስላልተለወጠ በተራ ኤክስሬይ ምስል ላይ መለየታቸው አስቸጋሪ ነው። በግንዱ በኩል የጀመረ ብስባሽ ሥጋውን አሳንሶ ክፍተት ከፈጠረ ግን ይታያል፤ ዘሩ ከሥጋው ተለቆ ሲንቀጠቀጥም በዙሪያው ቀጭን የአየር ቀለበት ይወጣል። አቮካዶ ለመለቀም መድረሱን የሚያሳየው የደረቅ ቁስ መጠን በኤክስሬይ አይለካም፤ እሱን በምድጃ አድርቆ መመዘን ወይም በቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን መለካት ይሻላል። የስኳር መጠንም፣ ጣዕምም፣ ሽታም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ኤክስሬይ አያውቅም።

ድንች ፍራፍሬ ባይሆንም ከሆለታና ከአካባቢው የመጣችሁ ስላላችሁ አንድ ነገር ላክል። ልቡ ባዶ የሚሆን ድንች በኤክስሬይ ሊለይ እንደሚችል በአሜሪካ ከተፈተነ ብዙ ዘመኑ ነው። የሚጠቅም ብልሃትም አብሮት አለ፤ ድንቹ በውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሲነሳ፣ ዙሪያው ሁሉ ውፍረቱ እኩል ስለሚሆን የድንቹ የራሱ ቅርጽ ከምስሉ ላይ ይጠፋና ባዶው ልብ ብቻውን ቁልጭ ብሎ ይቀራል። ይህ ዘዴ ለብርቱካንም ይሠራል፣ ወጪውም አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ነው።

ይህ ብልሃት ወደ ዋናው ድክመት ይወስደኛል። ተራው የኤክስሬይ ምስል የፍሬውን ውፍረት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ያጋድመዋል። ሁለትና ሦስት ነጠላ ደራርበን ወደ ብርሃን ብንዘረጋ የአንዱ ጥለት በሌላው ላይ ገብቶ የትኛው የማን እንደሆነ እንደሚያደናግር፣ በፍሬውም የግንዱ ጎድጓዳ፣ የዘሩ ጠርዝና የትሉ ዋሻ በአንድ ላይ ይደራረባሉ። ፖም በግንዱ በኩል ተጋድሞ ከተነሳ ተፈጥሯዊው ጎድጓዳ የበሽታ ክፍተት መስሎ ይታያል። መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ ማንሳት ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ፍሬውን እያዞሩ ከብዙ አቅጣጫ አንስቶ ኮምፒውተር የውስጡን ቅርጽ እንዲገነባ ማድረግ ነው፤ ይኸው ሲቲ ስካን ማለት ነው። በቤልጂየም የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በፖምና በፒር ውስጥ ያሉትን የአየር መተላለፊያዎች ሳይቀር ሥለዋል። ምስሉ ድንቅ ነው፤ ዋጋውና ጊዜው ግን ለገበያ ገና ነው።

እዚህ ላይ ስለ መለያ መሣሪያው ያለኝን ጥርጣሬ በሒሳብ ላሳይ። ለምሳሌ ያህል ከብልሹ ፍሬዎች ከመቶ 90ውን የሚይዝ፣ ከደኅናዎቹ ደግሞ ከመቶ 5ቱን ብቻ በስህተት ብልሹ የሚል መሣሪያ አለን እንበል። ከ1000 ፍሬ 20ው ብልሹ ከሆነ፣ መሣሪያው 18ቱን ይይዛል፤ ከ980ው ደኅና ውስጥ ግን 49 ያህሉን አብሮ ይጥላል። ከተጣለው ክምር ውስጥ የሚበዛው ደኅና ፍሬ ነው ማለት ነው፤ ጥቂት ብልሽት ባለበት ጭነት ላይ እያንዳንዱን ፍሬ መለየት ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚበዛበት ጊዜ አለ። የዚሁ መሣሪያ ምስል በ60 ፍሬ ናሙና ላይ በሰው ዓይን ተመርምሮ፣ የተጠረጠሩት ብቻ ተሰንጥቀው ቢረጋገጡ ግን ስለ ጭነቱ የሚታመን ፍርድ ይሰጣል፤ የሚጠፋውም ሦስት አራት ፍሬ ነው። ከዚህም በላይ ያንኑ ማንጎ ዛሬ አንስቶ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንስቶ፣ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ አንስቶ ብልሽቱ ከየት እንደጀመረና በምን ፍጥነት እንደሰፋ ማየት ይቻላል። ቢላዋ ይህን ከቶ ሊያደርግ አይችልም። በአይሱዙ ጀርባ ላይ በሣር ብቻ ተነጥፎ የመጣውና በሳጥን የመጣው ማንጎ በአራተኛው ቀን ውስጣቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ገበሬውም ሾፌሩም በዓይናቸው ቢያዩ፣ ስለ አጫጫን የሚሰጠው ምክር ሁሉ ሌላ ክብደት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ከንግግሩ በፊት የጠየቃችሁኝ ስለ ጤና ነው፤ በራጅ የተነሳ ፍሬ ይበላል ወይ የሚለው። ይበላል። ኤክስሬይ ያለፈበት ፍሬ ጨረር አይይዝም፣ አይመረዝምም፤ ጨረሩን የሚያመነጨው ቱቦ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። ለምርመራ የሚያርፍበት መጠን እጅግ ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጨረር ስለተያዙ ምግቦች ያወጣው ደንብ፣ ለምርመራ ብቻ የሚውል ኤክስሬይ ከ0.5 ግሬይ (ግሬይ በአንድ ነገር ላይ ያረፈ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የማይበልጥ መጠን ካሳረፈ ምግቡን በጨረር እንደተያዘ አይቆጥረውም፤ የፍራፍሬ ምርመራ ደግሞ ከዚህ ወሰን በብዙ ያነሰ ነው። ለማነጻጸር፣ ለውጭ ገበያ የሚላክ ፍሬ የዝንብ እጭ እንዳይራባ ሆን ተብሎ በጨረር ሲታከም ቢያንስ 150 ግሬይ ያርፍበታል፤ ሁለቱ ሥራዎች አይገናኙም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለበላተኛው ሳይሆን ከመሣሪያው ጎን ለሚቆመው ሠራተኛ ነው። መሣሪያው በእርሳስና በብረት የተከለለ፣ በሩ ሲከፈት ጨረሩ በራሱ የሚቋረጥ መሆን አለበት፤ ሠራተኛው የጨረር መለኪያ ባጅ ሊይዝ ይገባል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የጨረራና የኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጨረር አመንጪ እንዳይዝ ይከለክላል። ከሐኪም ቤት የተጣለ አሮጌ የራጅ መሣሪያ ገዝቶ በመጋዘን ጥግ አስነስቶ መሥራት የሚያስብ ቢኖር ከወዲሁ ሐሳቡን ይተው፤ መከለያ የሌለው ቱቦ ሰውን ይጎዳል፣ ጉዳቱም የሚታየው ዘግይቶ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ ነጋዴ ብቻውን ይግዛ አልልም። ቱቦው የአገልግሎት ዘመን አለው፣ መብራት ሲቆራረጥበት ይጎዳል፣ አቧራና ወበቅም አይወድም፤ ባለሙያም ይፈልጋል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በምርምር ማዕከላትና በገበያው አስተዳደር ትብብር በአንድ ቦታ የሚቆም፣ ሻንጣ ከሚፈተሽበት ያነሰ ሳጥን የሚያህል አንድ መሣሪያ ለብዙ ሰው ሊያገለግል ይችላል። የቦሌውን የሻንጣ መፈተሻ ግን እንዳለ አምጥቶ መጠቀም አይሆንም፤ እሱ ብረትን ከልብስና ከምግብ ለመለየት በሁለት ጉልበት የሚሠራ፣ ፍሬን ሁሉ በአንድ ብርቱካናማ ቀለም ቀብቶ የሚያሳይ ነው። በፍሬ ውስጥ የገባ ድንጋይ ወይም ብረት ይለይ ይሆናል፤ የደረቀ ክፋይን ግን አይለይም።

ከመሣሪያው የሚቀድመው የራሳችን የምስል መዝገብ ነው። በውጭ አገር ስለ ፖምና ስለ ፒር የተሰበሰበ ብዙ ምስል አለ፤ ስለ እኛ አገር በቀል ማንጎ፣ በመልካሳ ምርምር ማዕከል በኩል ስለተሠራጩት ስለ አፕል ማንጎ፣ ስለ ኬንት፣ ስለ ኪትና ስለ ቶሚ አትኪንስ ግን የሚያስፈልገንን ያህል ምስል ማዘጋጀት የእኛው ሥራ ነው። ኮምፒውተር ብልሽትን እንዲለይ የሚማረው ከእነዚህ ምስሎች ነውና ያልታየውን ዝርያ ሊያውቀው አይችልም። አሠራሩም ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ በግንዱ አጠገብ ቁጥር ይጻፋል፣ ፍሬው ይመዘናል፣ ከሁለት አቅጣጫ በራጅ ይነሳል፣ ከዚያም ጨረሩ ባለፈበት አቅጣጫ ልክ ተሰንጥቆ ውስጡ በተራ ካሜራ ይነሳል፤ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ይህን አስቡት፤ አንድ ሺህ እንዲህ ያሉ ጥንድ ምስሎች ያሉት መዝገብ ከብዙ ጽንሰ ሐሳብ ይልቅ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል።

ለዚህ ሥራ ከነጋዴዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ናሙና የምትሰጡን ፍሬ ከየትኛው ቀበሌ እንደተለቀመ፣ በየትኛው ቀን ከዛፉ እንደወረደ፣ በምን ዓይነት አነጣጠፍ እንደተጫነና ስንት ሰዓት በመንገድ ላይ እንደቆየ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፍሬው ጋር አብራችሁ ስጡን። የተበላሸውንም አትደብቁብን፤ ለውድቅ የተለየው ፍሬ ለእኛ ከደኅናው እኩል ያስፈልገናል። ይህ ወረቀት ከሌለ በምስሉ ላይ የሚታየው ክፍተት በእርሻው ላይ በውሃ እጥረት የመጣ ይሁን በመንገድ ላይ በመንገጫገጭ የመጣ መለየት አንችልም፤ ካለ ግን ለገበሬው የምንልክለት መልስ ምን ማረም እንዳለበት የሚነግረው ይሆናል።